ሶፋ ይታደሳል፣ ወፍጮ ይወቀራል

እዚህ አዳማ፣ ሰፈራችን አንድ ሶፋ ሠሪ አለ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሶፋ እናድሳለን» ብሎ ጽፏል። ትናንት የአባቴን ወንበር ተሸክሜ ሄድኩ። አንድ እግሩ ተሰብሯል፤ ጨርቁ ግን ደህና ነው። «ይታደስልኝ» ስለው ሳቀ። «ይሄ እኮ ጥገና ነው። እድሳት ሌላ ሒሳብ አለው» አለኝ። ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ነው ወይስ የቃልም? እስቲ የምታውቁ።

— ሰውዬው ልክ ነው። «ጠገነ» ከስብራትና ከብልሽት ጋር ነው የሚሄደው። ወጌሻ የተሰበረ እጅ ይጠግናል። እጁ ይሥራ እንጂ አዲስ ይምሰል የሚል የለም። «አደሰ» ግን ከ«አዲስ» ጋር አንድ ቤት ነው። ግዕዙ «ሐደሰ»፣ «ሐዲስ» ይላል። አማርኛ ላይ ሐመሩ ሐ ተውጦ «አ» ሆነ፤ ሐዲስ ኪዳን ላይ ግን እንዳለ ቆሟል። «ተሐድሶ» እና «ህዳሴ»ም የእሱው ልጆች ናቸው። ዕብራይስጡም «ሐዳሽ» ይላል፣ አዲስ ለማለት።

ደግሞ የሚታደስ ነገር የግድ አልተበላሸም። መንጃ ፈቃድ ምኑ ተሰበረ? ቀኑ አለፈ እንጂ። ልጅን «ታደሰ» ብለን የምንሰይመው እሱ አርጅቶ አይደለም፤ የቤቱ ተስፋ ነው የታደሰው። እኔ በበኩሌ መታወቂያ ላሳድስ ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ መታወቂያው ሲታደስ እኔ አርጅቼ ወጣሁ።

— ጋሼ፣ «ወቀረ»ንስ የት ያስገቡታል? አያቴ ወፍጮዋ ሲዶለዱም «ይወቀርልኝ» ነበር የምትለው። ይታደስ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

— እሰይ፣ ጥሩ አነሳሽ! የድንጋይ ወፍጮ ብዙ ሲፈጭበት ፊቱ ልሙጥ ይሆናል። እህሉ ይንሸራተታል፣ ዱቄቱ አይልምም። ያኔ በሹል ነገር ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ፊቱን ያሻክሩታል። ልብ በይ፣ የሚጨመርበት ነገር የለም። ይቀነስለታል እንጂ! በየውቀራው እየሳሳ ይሄዳል። 11ዱ የላሊበላ ቤተ ክርስቲያኖች «ውቅር» የሚባሉትም በዚሁ ቃል ነው፤ ከአለት ተፈልፍለው ነዋ። አንዱ ድንጋይ ተወቅሮ መቅደስ ወጣው፣ የአያትሽ ደግሞ ጥርስ አወጣ።

— የከተማችንስ ስም? ናዝሬት ተብላ ቆይታ አዳማ ስትባል ታደሰ ነው ወይስ ተጠገነ?

— ሁለቱም አይደለም። ስም «ተመለሰ» ነው የሚባለው። የታክሲ ረዳቶቹ ግን ገና «ናዝሬት፣ ናዝሬት» እያሉ ነው።

— ጠያቂው ነኝ። ዛሬ ተመልሼ «እግሩን ጠግንልኝ፣ ጨርቁን እንዳትነካው» አልኩት። ሒሳቡ በግማሽ ወረደ።