የቨርቹዋል ማሽን ባክአፕ ሌሊቱን ሙሉ አያልቅም፤ ዲስኩም ሞላብኝ

ብርዳሙ (ጠያቂ)፦
ሰላም ጓደኞች። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ደብረ ብርሃን አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት ውስጥ አይቲ ክፍል ነው የምሠራው። ክፍል ስላችሁ እኔ ብቻዬን ነኝ። ያለን አንድ ሰርቨር ነው፤ ፕሮክስሞክስ ተጭኖበታል፤ አንዱን ሰርቨር እንደ ብዙ ኮምፒውተር ከፋፍሎ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው። ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ይሠራበታል፦ የሒሳብ ፕሮግራሙ ያለበት ዊንዶውስ ሰርቨርና ሁለት ሊኑክስ። ባክአፑ በኔትወርክ ወደ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ይሄዳል። ዴስክቶፑ ላይ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገጥሜበታለሁ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራል፤ የሚጨርሰው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሠራተኛ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሲገባ ገና እየተንቀራፈፈ ነው። ካሸሯ በየጠዋቱ እየደወለች «ሲስተሙ ዛሬም ተኝቷል» ትለኛለች። ዊንዶውሱ ብቻውን 310 ጊጋ ይወጣዋል። ገብቼ ሲ እና ዲ ድራይቮቹ ላይ ያለውን ስደምረው ግን 120 ጊጋ አይሞላም። ሦስቱ ማሽኖች አንድ ላይ 390 ጊጋ ናቸው። አራት ሌሊት ከያዝኩ በኋላ ዲስኩ ጢም ይላል። አለቃዬ ደግሞ «ትልቅ ዲስክ ግዛ» አይሉም፤ «ለምን ሞላ?» ነው የሚሉት።

ኮምፕሬሽኑ (ባክአፑ የሚጨመቅበት ዘዴ) ጂዚፕ ነው። ሎጉ ላይ የመጻፊያ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ቆሟል፤ ንቅንቅ አይልም። ከየት ልጀምር?

ሽቦ አጣማሪ፦
ወንድሜ፣ 11 ያልካት ቁጥር ሁሉንም ነግራናለች። መስመርህ በ100 ሜጋቢት ነው የሚሠራው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ለመንገድ የሚቀረው ሲቀነስ 11 ትሆናለች። ጊጋቢት ቢሆን ኖሮ 110 አካባቢ ታይ ነበር። 390 ጊጋን ለ11 ሜጋባይት አካፍለው፤ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከ5 እስከ 3 ያልከው ልክ እሱ ነው።

ሰርቨሩ ላይ ኢዝቱል የሚለውን ትዕዛዝ ከኔትወርክ ካርዱ ስም ጋር ስጠው። ስፒድ የሚለው መስመር ላይ 100 ካየህ ጥፋተኛው ወይ ስዊቹ ነው ወይ ገመዱ። ዴስክቶፑም ጋ እንደዚሁ እይ። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ 100 ግን አራቱ ይበቁታል። ስለዚህ ከቀሩት አንዷ ብትላቀቅ መስመሩ አይቋረጥም፤ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል። መብራቱም ብልጭ ድርግም ማለቱን አይተውም። ሰው ዓመት ሙሉ ሳያውቀው ይኖራል።

የመሐል ሜዳዋ፦
ገመዱ ፍጥነቱን ይፈታልሃል፤ መጠኑን ግን አይነካውም። 120 ይዘህ 310 የሚወጣው ያጠፋኸው ፋይል ስላልጠፋ ነው። ዊንዶውስ ፋይል ሲሰርዝ ስሙን ከመዝገቡ ይፍቃል እንጂ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አይነካም። ፕሮክስሞክስ ከውጭ ሆኖ ነው የሚያየው፤ የቱ ሕያው የቱ ሙት እንደሆነ አያውቅም። ገለባውንም እህሉንም አንድ ላይ ይሰፍረዋል።

ስቶሬጅህ ኤልቪኤም ቲን (ቦታ የሚይዘው ሲጻፍበት ብቻ የሆነው ዓይነት) ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። የማሽኑ ሃርድ ዲስክ ማስተካከያ ውስጥ ዲስካርድ የሚለው ላይ ምልክት አድርግ፤ የተሰረዘውን ቦታ ለፕሮክስሞክስ የሚያሳውቀው እሱ ነው። ከዚያ ማሽኑን ጭራሽ አጥፍተህ አብራ። ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ዊንዶውሱ ውስጥ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለውን ክፈት፤ ከዲስኩ ስም አጠገብ «ቲን ፕሮቪዥንድ» ካለህ ይዟል ማለት ነው። ለሲም ለዲም ኦፕቲማይዝ በል። ሊኑክሶቹ ላይ ኤፍኤስትሪም የምትለዋ ትዕዛዝ ትጨርሰዋለች፤ በሳምንት አንዴ ራሷ እንድትነሳ ማድረግም ይቻላል።

አደራ፣ ዲስኩ በአይዲኢ (በአሮጌው የማገናኛ ዓይነት) ተገጥሞ ካገኘኸው በስሜት ለቨርቹዋል ማሽን ወደተሠራው ቨርትአይኦ ስካዚ እንዳትቀይረው። መጀመሪያ ድራይቨሩ ዊንዶውሱ ውስጥ መጫን አለበት። አለዚያ ጠዋት ካሸሯ ሳትሆን አለቃህ ናቸው የሚደውሉልህ።

ደግሞ ያንን 120 ራሱን አትመነው። ዲ ውስጥ ምን እንዳለ አይተሃል?

የሮቢቱ፦
ጂዚፑን ተወው። ዚስታንዳርድ የሚባለውን ሌላ የመጭመቂያ ዘዴ አድርገው። ፕሮክስሞክስ ከ6.2 ጀምሮ አለው፤ 2020 እንደ አውሮፓውያን የወጣው ማለት ነው። ጂዚፕ እንዳለ ሲተው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ብቻ ነው የሚያዘግመው። ባክአፑን የሚሠራው የቪዚዳምፕ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ዚስታንዳርድ የሚለውን 0 ካደረግከው ከሰርቨሩ ኮሮች ግማሹን ይጠቀማል። ፎቶ፣ ቪዲዮና ዚፕ ከሆነ ግን ማንም ቢጨምቀው ጠብ አይልም። ቀድሞ የተጨመቀ ሎሚ ነው።

ብርድ ብርድ አትበሉብን እንጂ እናንተ ታድላችኋል፤ እኛ ሸዋ ሮቢት ከሰርቨሩ ይልቅ ለማራገቢያው ነው ባክአፕ የምንፈልገው።

ጋሼ ሰርቨር፦
ልጆች፣ የምትሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን በየሌሊቱ ሙሉውን መቅዳት ለምን አስፈለገ? ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ዲስኩን 4 ሜጋባይት 4 ሜጋባይት እያደረገ ይቆራርጠዋል። ከዚህ በፊት ያየውን ቁራጭ ድጋሚ አይጽፍም። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የተቀየረው ብቻ። ሠላሳ ቀን ብትይዝም ዲስክህን ብዙ አይበላውም።

መብራት ላይ ግን አንድ ነገር እወቅ። ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ የትኛው ቦታ እንደተቀየረ ያስታውሳል፤ ስለዚህ በደቂቃዎች ያልቃል። መብራት ሄዶ ማሽኑ ከጠፋ ያ ማስታወሻ ይጠፋል። በማግስቱ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበዋል፤ የሚልከው ግን አሁንም አዲሱን ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት ቢዘገይ አትደንግጥ።

የመሐል ሜዳዋ፦
ጋሼ፣ በአንድ ነገር አልስማማም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕና አንድ የሚሽከረከር ዲስክ ነው። ቁራጮቹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይሆናሉ። መጻፉስ ይሁን፤ ቁራጮቹን ማረጋገጡና የማያስፈልጉትን መጥረጉ ሲመጣ ያ ዲስክ ቀኑን ሙሉ ሲያንገራግር ይውላል። እኔ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ገመዱንና ገለባውን ይጨርስ። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ሲያገኝ ወደ እርስዎ ሐሳብ ይመጣል።

ጋሼ ሰርቨር፦
እሺ ልጄ፣ ይሁን። ግን ሁለቱን ነገር ሳያደርግ አይቀመጥ። አንደኛ፣ የጌስት ኤጀንቱን፣ ማለትም ከማሽኑ ውስጥ ሆኖ ከፕሮክስሞክስ ጋር የሚነጋገረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ማሽኖቹ ውስጥ ይጫን፤ የሒሳቡ ዳታቤዝ መሃል መንገድ ላይ ተቆርጦ እንዳይቀዳ። ሁለተኛ፣ አንዱን ባክአፕ በሌላ የማሽን ቁጥር መልሶ ያስነሳ። ሲያስነሳ ኔትወርኩን ይንቀለው። አለዚያ በአንድ አይፒ ሁለት ሒሳብ ክፍል ይኖረዋል።

ብርዳሙ (ጠያቂ)፦
ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። መጀመሪያ ገመዱን ልናገር፤ አፍሬያለሁ። ኢዝቱል 100 አለኝ። ስዊቹን ወቀስኩ፣ ካርዱን ወቀስኩ። በመጨረሻ ከዴስክቶፑ ጀርባ ያለውን ራስ ነቅዬ ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ሰባቱ ሽቦ ጫፍ ደርሷል፤ ቡናማዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርታለች። ይህን ገመድ የገጠምኩት ራሴ ነኝ፤ ባለፈው ኅዳር፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ። ቆርጬ እንደገና ስገጥመው 1000 አለ።

የዲ ጉዳይ ደግሞ ይባስ። የሒሳብ ፕሮግራሙ በየማታው የራሱን ባክአፕ ዲ ላይ ሲጽፍ ኖሯል። 62 ጊጋ የቆየ ፋይል አገኘሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሲሞላበት እያጠፋ፣ ፕሮግራሙ እንደገና እየሞላ፤ ገለባው ከዚህ ነው የመጣው። የየወሩን መጨረሻ አንድ አንድ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጬ፣ የመጨረሻውን ሳምንት እዚያው ትቼ፣ ሌላውን አጠፋሁ። ደግነቱ ዲስኩ ስካዚ ነበር። ዲስካርድ አብርቼ ኦፕቲማይዝ አልኩት፤ ዚስታንዳርድም አደረግሁ።

ዊንዶውሱ ከ310 ወደ 34 ጊጋ ወረደ። ሦስቱም ተደምረው 86። ትናንት 5 ሰዓት ጀምሮ 6 ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ። ሁለት ጊዜ ነው ሎጉን ያነበብኩት፤ አላመንኩም። ጋሼ፣ ያሉኝንም አድርጌያለሁ፤ ኔትወርኩን ነቅዬ አስነሳሁት፤ የዓርብ የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥሩ ሳይዛነፍ አለ። ካሸሯ ዛሬ አልደወለችም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዴስክቶፑ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ቢቃጠል ሁለቱም ሄዱ። ሮቢት ቅርንጫፍ መጋዘን ስላለን በየሳምንቱ በእቃ መኪናችን ዲስክ ልልክ አስቤያለሁ። ችግር አለው?

የሮቢቱ፦
ላከው፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ከመላክህ በፊት ዲስኩን ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ ኢንክሪፕት አድርገው፤ መኪና ላይ የደንበኛ ሒሳብ ነው የምትጭነው። ስፖንጅ ባለው ሳጥን አድርገው፤ የጣርማበር ቁልቁለት ለሃርድ ዲስክ አያዝንም። እዚህ እንደደረሰ ደግሞ ቶሎ እንዳይሰኩት ንገራቸው። ከእናንተ ብርድ ወጥቶ እኛ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ጤዛ ይይዛል። ከነፕላስቲኩ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጥና ከዚያ ይሰካ።

ብርዳሙ (ጠያቂ)፦
ሳጥኑን ዛሬውኑ አሠራለሁ። ሾፌሩ «ምንድነው የምሸከመው?» ሲለኝ እንቁላል ነው እለዋለሁ።