ጊታር ላይ መሻሻሌን በምን ልወቅ?

ባለጊታሩ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጊታር ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ አራት ኪሎ ቤቴ ስገባ ይመሻል፤ ቢሆንም እራት ቀማምሼ ቁጭ እላለሁ። መብራት ቢጠፋም አልተውም። የተለማመድኩበትን ሰዓት ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ደብተሩ ግን ምንም አይነግረኝም። ጂ እና ሲ የሚባሉት ኮርዶች (ክሮቹን አንድ ላይ ይዞ የሚመቱ ድምፆች) ደህና ናቸው። ኤፍ ዛሬም ያው ነው፤ ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች "ጥፕ" ይላሉ እንጂ አይጮሁም። እናንተ መሻሻላችሁን በምን ትለካላችሁ?

የሠርግ ቤት ሪትም፦
ወንድሜ፣ ሰዓት መጻፍ ስለ ትጋትህ እንጂ ስለ ጣትህ አያወራም። እኔ ለማስተምራቸው ልጆች ሁለት ነገር ብቻ ነው የማስጽፈው።

አንደኛው የኮርድ ቅያሪ ነው። ስልክህን 1 ደቂቃ ሙላና ከጂ ወደ ሲ፣ ከሲ ወደ ጂ ተመላለስ። ጥርት ብሎ የተሰማውን ብቻ ቁጠር። የታፈነ አይቆጠርም፣ ድርድር የለም። በደቂቃ 80 ቢት (ምት) የሚሄድና በየአራት ቢቱ ኮርድ የሚቀይር ዘፈን በደቂቃ 20 ቅያሪ ይፈልጋል። 12 ላይ ከሆንክ ዘፈኑ ጥሎህ ይሄዳል። 30 ከደረስክ ፋታ ታገኛለህ።

ሌላው ሜትሮኖም ነው፣ ምት እየቆጠረ የሚያሰማው መሣሪያ። ትዝታ ቅኝትን በነጠላ ድምፅ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ እያልክ ውጣና ውረድ። ሳትደናቀፍ የጨረስክበትን ፍጥነት ከነቀኑ ጻፍ።

ስለ ኤፍ፦ ያንኑ አያያዝ 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ አድርገው፣ ኤ ይሆናል። እዚያ ሁሉም ከጮሁ ጣትህ ጤነኛ ነው። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ነጩ ነገር ከፍ ብሎብህ ይሆናል። ርካሽ ጊታር ላይ ያጋጥማል።

የፒያሳ ልጅ፦
እኔ ቁጥር አይሆንልኝም። ወር በገባ ቁጥር ያንኑ አንድ ዘፈን በስልኬ እቀዳለሁ፣ ሳልደግም። ከዚያ ቆየት ያለውን ከፍቼ አወዳድራለሁ። ያለፈውን ሳምንት ብትሰማ ለውጡ አይታወቅህም፤ ተስፋ ያስቆርጣል። ስትጫወት ሐሳብህ ጣትህ ላይ ነው። የምቱ መዛነፍ ቁጭ ብለህ ስትሰማው ነው የሚገባህ። ኮርዱ ጥርት ብሎ ችክችካው የሚንሻፈፍ ስንት ሰው አለ መሰለህ!

አላፊ አግዳሚ፦
ምን ይሄ ሁሉ ሒሳብ? አጠገብህ የሚዘፍን ሰው አስቀምጥ። መሀል ላይ ቆሞ ካልጠበቀህ ተሻሽለሃል።

ባለጊታሩ፦
ጋሼ፣ ሞከርኩት። 5ኛው ፍሬት ላይ ስድስቱም ጮኹ! ቅያሪው ግን ገና ከ20 በታች ነው። ነጩን ነገር ራሴ ብሞርደውስ?

የሠርግ ቤት ሪትም፦
እንዳትነካው! ከልክ በላይ ከጠለቀ ክሩ ፍሬቱን እየመታ ይንጫጫል። ለሚያውቅ ሰው ስጠው። እስከዚያ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ ጠፍንጎ የሚይዝ መቆንጠጫ) ካለህ 1ኛው ፍሬት ላይ እሰር፣ ኤፍ ይቀልሃል። አብሮህ የሚዘፍን ካለ ግን ድምፁ በግማሽ ቶን እንደሚቀጥን አስቀድመህ ንገረው።