የ12 ዓመት የመጸዳጃ ቤትና የንጹህ ውሃ ፕሮግራም ውጤቱ እንዴት ይለካል?

ጠያቂ (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ከተማ ባለ አንድ አነስተኛ ግብረ ሰናይ ድርጅት የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነኝ። በወገራና በደንቢያ ቀበሌዎች መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ምንጭ ማጎልበትና እናቶች የልጆቻቸውን ፊት እንዲያጥቡ ማስተማር ከጀመርን 12 ዓመት ሆነን። ዓላማው ተቅማጥንና የዐይን በሽታ የሆነውን ትራኮማን መቀነስ ነበር። አሁን «ምን ለውጥ አመጣችሁ?» ተብለን ተጠይቀናል። በእጄ ያለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ክምር ነው፤ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ስንት እናት ሠለጠነች የሚል። መነሻ ጥናት፣ ማለትም ሥራው ሲጀመር የነበረውን ሁኔታ የለካ ጥናት፣ ያለው ለደንቢያ ብቻ ነው። ሥራው የልቤ ስለሆነ የሚያምር ሪፖርት ጽፌ መገላገል አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

የሕብረተሰብ ጤና መምህር

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት «እኛ ባንኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ደረሰ። በመሃል የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጥቷል፣ ክትባት ተስፋፍቷል፣ መንገድና ትምህርት ቤት ገብቷል። በክልላችን ደግሞ የትራኮማ መድኃኒት ለዓመታት በዘመቻ ሲታደል ኖሯል። እናንተ የሠራችሁበት ቀበሌ ተሻሻለ ማለት እናንተ አሻሻላችሁት ማለት አይደለም።

ስለዚህ ያልሠራችሁባቸውን ተመሳሳይ ቀበሌዎች ለማነጻጸሪያ ይያዙ። ቁጥሩን ለምሳሌ ብቻ ልስጥዎ። በእናንተ ቀበሌ ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች ከመቶ 40 ወደ 20 ወረዱ እንበል። በጎረቤት ቀበሌ ደግሞ ከ38 ወደ 28። የእናንተ ድርሻ ሊሆን የሚችለው 20 ሳይሆን 10 ነው። ለማነጻጸሪያው ቀበሌ መነሻ ቁጥር ከሌለዎት ይህን ስሌት መሥራት አይችሉም፤ ያን ጊዜ ዛሬ ያለውን ልዩነት ብቻ ያሳዩ፣ ጉድለቱንም በግልጽ ይጻፉት።

የደንቢያው መነሻ ጥናት በየትኛው ወር እንደተደረገ ይመልከቱ። በጥር የተለካን ተቅማጥ ከነሐሴው ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ክረምትና በጋ የየራሳቸው በሽታ አላቸው። በዚያው ወር ይውጡ፤ የጥያቄውንም ቃል አይቀይሩ። መነሻው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጁን አሞት ነበር?» ብሎ ከሆነ እርስዎም እንደዚያው ይበሉ።

ትራኮማን ግን በመጠይቅ አይለኩትም። የሠለጠነ ሰው ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን የዐይን ቆብ ገልብጦ ማየት አለበት። የወረዳ ጥናት ውጤት ቢያገኙም የወረዳውን አማካይ እንጂ የእናንተን ቀበሌዎች ለይቶ አይነግርዎትም። አቅም ከሌላችሁ ይተዉት፤ በምትኩ የልጆቹን የፊት ንጽሕና መዝግቡ።

የቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

እኔ የምለው ከቤት ደጃፍ ነው። ይሉኝታ እንዳያሳስትዎ። እናት ለእንግዳ «አዎ፣ በሳሙና እንታጠባለን» ትላለች፤ ማስከፋት አትፈልግም። «ትጠቀማላችሁ?» አይበሉ፤ ሄደው ይዩ። ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚወስደው ጥርጊያ ሣር ከወረሰው፣ በሩ ላይ ሸረሪት ካደራ፣ ውስጡ እንጨትና ጭድ ከተከማቸ መልሱን አገኙት። አንድ ቤት በር ላይ የተንጠለጠለውን የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን አንሥቼ ሳየው ደርቆ ነበር፤ ከታቹ ያለው መሬትም አቧራ ነው። በመዝገቤ ላይ ግን ያ ቤት «አለው» ተብሎ ለዓመታት ተቆጥሯል፤ የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ። አሁንም ያሳዝነኛል።

ሌላው፣ የቀበሌ ሰው አብሮዎት ሲወጣ ወደ ሞዴል ቤተሰቦች ይመራዎታል። በክፋት አይደለም፤ የሚኮራባቸውን ሊያሳይዎት ነው። ቤቶቹን ከጎንደር ሳይወጡ በዕጣ ይምረጡ። ያስተማሩት ሠራተኞችም ጠያቂ አይሁኑ።

ደንቢያ ላይ ደግሞ አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ይናዳል ወይም ውሃ ይሞላል። ስንቱ እንደተቆፈረ ሳይሆን ስንቱ እንደቆመ፣ የፈረሰበትም ሰው በራሱ ወጪ መልሶ ቆፍሮ እንደሆነ ይጠይቁ። እኔ ብሆን ከሁሉም ጥያቄ ይህን አስቀድመው ነበር።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ

በአጭሩ፦ ከአንድ ጎጥ 200 ቤት ከመጠየቅ ከ20 ጎጦች አሥር አሥር ቤት መጠየቅ ይሻላል። የአንድ ጎጥ ሰዎች ውሃቸውም ልማዳቸውም አንድ ስለሆነ ብዙ ቤት ቢጠይቁም አዲስ ነገር የሚነግርዎ ጥቂቱ ነው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደንቢያው መነሻ የተሠራው በኅዳር መሆኑን አሁን አየሁ። ወገራን ግን ምን ላድርግ? በመሃል ደግሞ ኮሮና መጣ፣ ጦርነትም ሆነ፤ ለብዙ ወራት ወደ ቀበሌዎቹ አልገባንም።

ጡረተኛ የወረዳ ጤና ባለሙያ

ልጄ፣ መነሻው ጤና ኬላ ላይ ሊኖር ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለየቤተሰቡ የሚይዙት የቤተሰብ ማህደር አለ፤ መጸዳጃ ቤት መኖር አለመኖሩ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ የሚሞላበት። ድሮ የተሞሉትን ከወረዳው ፈቃድ ጠይቀሽ አውጪና ዛሬ ያንኑ ቤት አንኳኪ። እህታችን ከላይ እንዳለችው «አለው» የሚለው ጽሑፍ ሁሉ አይታመንም፤ «የለውም» የሚለው ግን ይበልጥ ይታመናል፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚመዘግብ ብዙ የለምና። ማህደሩ የሌለበት ቀበሌ ሰውን በዓመተ ምሕረት አትጠይቂ። «ይህን ጉድጓድ ስትቆፍሩ ይቺ ልጅ ተወልዳ ነበር? ከኮሮና በፊት ነው በኋላ?» ብትዪ ያስታውሳሉ።

የተቋረጠውን ጊዜ አትደብቂው፤ እንዲያውም የሚጠቅምሽ እሱ ነው። ሠራተኞቻችሁ በሌሉባቸው ወራት የውሃ ኮሚቴው ለምንጩ ጥገና ገንዘብ ማዋጣቱን ቀጥሎ ነበር? የኮሚቴውን ደረሰኝ ጥራዝ ጠይቂና ቀኖቹን ገልጠሽ እዪ። ኅዳር ከመድረሱ በፊትም መጠይቅሽን ከናሙናው ውጪ ባለ አንድ ቀበሌ ሞክሪው፤ ለዚያ አዘዞ አቅራቢያ ያለ የገጠር ቀበሌ ይበቃሻል፣ በአንድ ቀን ደርሰሽ ትመለሻለሽ።