የባለቤቴ የቤት አበል አሁንም በላጤ ተመን ገባ! የሚያውቅ ዛሬውኑ ይርዳኝ

ታቦር ሰፈር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሻምበል ነው፤ እኔ ሐዋሳ ሆኜ ቪዛ እየጠበቅሁ ነው። ወረቀቱን ሰኔ ላይ አስገብቷል፤ የዛሬው የደሞዝ መግለጫ ግን የቤት አበሉን ያለ ቤተሰብ አድርጎ አወጣው። አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ እስከ ነገ ማታ ይፈልጋሉ። የቀነሱበት እኔ ሐዋሳ ስለምኖር ነው? የኪራይ ውሌን አስተርጉሜ ልላክለት? ታኅሣሥ ላይ ልጅ ሲወለድስ ስንት ይጨምራል?

ሀይቅ ዳር፦
አይዞሽ እህቴ። ዲርስ ላይ፣ የቤተሰብ መዝገቡ ላይ ማለቴ ነው፣ ገብተሻል? እሱ የተመደበው የት ነው? የተጋባችሁትስ መቼ ነው? ይህን ሳትነግሪን መልስ መስጠት ከባድ ነው።

ሞቢል አካባቢ፦
ዲርስ ያስመዝግብሽ። ሌላ ነገር የለውም።

ባለሙያው፦
መጀመሪያ አሠራሩ ይታወቅ። ቢኤኤች የሚባለው የቤት አበል ሦስት ነገር ያያል፦ ማዕረግ፣ ቤተሰብ መኖር አለመኖሩ፣ የተመደበበት ጦር ሰፈር ዚፕ ኮድ (የአካባቢው የፖስታ ቁጥር)። በየአካባቢው መካከለኛው የገበያ ኪራይ ይጠናል፤ መብራት፣ ማሞቂያ፣ ውሃና ፍሳሽ ይጨመርበታል። የተከራይ ኢንሹራንስ ከ2015 ጀምሮ ከስሌቱ ወጥቷል (በዚህ መልስ ውስጥ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። መለኪያዎቹ ስድስት ዓይነት ቤቶች ናቸው፤ ትንሹ ባለ 1 መኝታ አፓርትመንት፣ ትልቁ ባለ 4 መኝታ ቪላ። ባለቤተሰብ ሌተና ኮሎኔል በባለ 4 መኝታው ቪላ ይለካል፤ ሻምበል ደግሞ በባለ 3ና በባለ 4 መኝታው መካከል ይሰላለታል። ሙሉውን ግን አይሸፍኑም፤ ከ2019 ጀምሮ የአገር አቀፉ አማካይ ወጪ 5 በመቶ ከመኮንኑ ኪስ ነው። አዲሱ ተመን ጃንዋሪ 1 ይጀምራል፤ ቢወርድ እንኳ እዚያው ጦር ሰፈር ላለ፣ ማዕረጉ ላልወረደና የቤተሰብ ሁኔታው ላልተለወጠ ሰው አይቀነስበትም። ግብርም የለበትም።

ፒያሳ 2፦
ጋሼ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ግን አከራይዋ ነገ ነው የሚመጡት።
እህቴ፣ የተነሳሽበት ሐሳብ ነው የተሳሳተው። የሐዋሳ ኪራይ ስሌቱ ውስጥ የለም። አንቺ ሐዋሳ ብትኖሪ፣ አዳማ ብትኖሪ፣ የሚከፈለው እሱ በተመደበበት ቦታ ተመን ነው። ውልሽን ለማስተርጎም ገንዘብ አታውጪ።

አረብ ሰፈር፦
ውጭ አገር ላለ ቤተሰብ እኮ ኦኤችኤ የሚባል ሌላ አበል አለ፤ እሱ ውል ይጠይቃል።

ፒያሳ 2፦
ኦኤችኤ መኮንኑ ራሱ ጀርመን ወይም ኮሪያ ሲመደብ ነው። በጣሪያው ውስጥ የሚከፍለው እውነተኛ ኪራይ ስለሚታሰብለት ውል ያሳያል። የእሷ ባል አሜሪካ ውስጥ ከሆነ አይመለከተውም።

ታቦር ሰፈር (ጠያቂ)፦
ቴክሳስ ነው። ዲርስ ላይ አስገባሁ ብሎኛል። የተጋባነው ሚያዝያ 26 ቀን 2017 እዚሁ ሐዋሳ ነው። የልጁን አልመለሳችሁልኝም።

ሞቢል አካባቢ፦
ሳይወለድ አበል ጠየቀ? ጎበዝ ልጅ ነው፣ እንደ እናቱ 😄
አይጨምርም። ሚስት ብቻም ትሁን፣ ሚስትና አምስት ልጅ፣ ባለቤተሰብ ተመኑ አንድ ነው። ዲርሱን ግን ደግሞ ያረጋግጥ።

ሀይቅ ዳር፦
አሁን ገባኝ። የጋብቻ የምስክር ወረቀትሽን የእንግሊዝኛ ትርጉም አውጥተሽ ቀኑን እዪው። ሚያዝያ 26 ቀን 2017 በፈረንጅ ሜይ 4፣ 2025 ነው። ብዙ ተርጓሚ የወሩን ስም ብቻ ቀይሮ «ኤፕሪል 26፣ 2017» ብሎ ይተወዋል። እንዲያ ከሆነ ደሞዝ ክፍሉ ከስምንት ዓመት በፊት ያገባ ሰው ያነባል፤ የእሱ ማኅደር ግን ያኔ ላጤ ይላል። ሁለቱ ካልተገናኙ ወረቀቱ ይቆማል። አበሉ የሚታሰበውም ከጋብቻው ቀን ጀምሮ ስለሆነ ቀኑ ዋና ነገር ነው።
የስምሽንም ፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ፤ የአያት ስም በአንዱ ኖሮ በሌላው ከሌለ ይመልሱታል። የባልሽን ስም አለመያዝሽ ግን ችግር የለውም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖርሽም፣ ቪዛሽ ባይወጣም ዲርስ ላይ ይመዘግቡሻል።
እሱ ደግሞ የደሞዝ መግለጫው ታች «ቢኤኪው ታይፕ» (የቤት አበሉ ዓይነት) እና «ቪኤችኤ ዚፕ» (አበሉ የታሰበበት ዚፕ ኮድ) የሚሉትን ይመልከት። የመጀመሪያው ያለ ቤተሰብ ካለ ለውጡ ደሞዝ ክፍል አልደረሰም ማለት ነው፤ ዚፑ የድሮ ጦር ሰፈሩ ከሆነ ሌላ ስህተት አለ። ከዚያ የታረመውን ትርጉም፣ የዲርስ ማረጋገጫውንና ዲኤ 5960 የሚባለውን የቤት አበል ማስለወጫ ቅጽ ይዞ የክፍሉ ኤስ-1 (የሰው ኃይል) ቢሮ ይሂድ፤ ማስገባቱን የሚያሳይ ወረቀት ሳይቀበል አይውጣ።

ታቦር ሰፈር (ጠያቂ)፦
ወይኔ፣ «ኤፕሪል 26፣ 2017» ነው የሚለው! ተርጓሚው ጋ እየሄድኩ ነው። ያለፈው ወርስ ይመለስልናል?

ፒያሳ 2፦
ይመለሳል፤ ልዩነቱ ከጋብቻችሁ ቀን ጀምሮ ተሰልቶ ይከፈለዋል። ግን ነገ አይደርስም። ደሞዝ የሚገባው በ1ና በ15 ነው፤ ወረቀቱ ከነዚህ ቀኖች ጥቂት ቀደም ብሎ ከገባ ወደሚቀጥለው ደሞዝ ይተላለፋል። ለአከራይሽ የሁለት ወር ከፍለሽ የቀረውን በቀን ቆርጠሽ በጽሑፍ ተስማሚ፤ እኚህን የስድስት ወር ሰዎች በቃል አታምኚ።

ሞቢል አካባቢ፦
ዲርሱስ ተረጋገጠ?