የሐረር ጀጎል ጉዞ፦ ዕቅዱን አብረን እንጻፈው

ጸሐፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስብሰባ የማኅበራችን የዘንድሮ ጉዞ ሐረር እንዲሆን ወስነናል። ከተማዋን እንዴት እንደምናያት ግን ገና አልተነጋገርንም። ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርበውን ዕቅድ እዚሁ ጽፈን እንጨርስ። እስካሁን 34 ሰው ተመዝግቧል። በዕድሜ ትንሹ የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ ትልቁ 78 ዓመታቸው ነው።

መነሻ እንዲሆነን ያህል፦ በአውቶቡስ እንሄዳለን፣ አንድ ቀን ጀጎልን (በግንብ የታጠረውን የድሮውን ከተማ) እንጎበኛለን፣ ማታ ጅብ ሲመገብ እናያለን፣ በማግስቱ እንመለሳለን። የጎደለውን ሙሉ፣ የማይሆነውን ሰርዙ።

አባል፣ የሐረር ልጅ፦

አቦ ጸሐፊያችን፣ ተባረኪ። ሐረር መባሉ ብቻ ደስ ብሎኛል። ግን ዕቅዱ እንዲህ እንዳይቀር። ጀጎል ከአውቶቡስ መስኮት አትታይም። ግንቡ ውስጥ ያለው ቦታ 48 ሄክታር ገደማ ነው። በዚያ ላይ ከ360 የሚበልጡ ጠባብ መንገዶች አሉ። አንዳንዱ ላይ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ አይተላለፍም። 82 መስጊድ አለ። ብዙዎቹ ከመኖሪያ ቤቶቹ መሐል ስለሆኑ ካልተነገራችሁ አጠገቡ ቆማችሁም አታውቁትም።

ስለዚህ ጉብኝቱ በእግር ይሁን። ሁላችንም በአንድ ሰልፍ ግን አንሂድ። 34 ሰው አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ከገባ የሰፈሩ ሰው መተላለፊያ ያጣል። ከኋላ ያለውም አስጎብኚው የሚለውን አይሰማም። ቢበዛ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነን እንከፈል። ለየቡድኑ ፈቃድ ያለው፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ ይያዝ። መንገድ ላይ «ላሳያችሁ» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ልጆቹም ክፉ አይደሉም። የቤት በር የሚያስከፍትላችሁ ግን በሰፈሩ የሚታወቅ ሰው ነው።

ቤት ካልኩ አይቀር፣ አንድ የሐረሪ ቤት ገብተን ሳንቀመጥ እንዳንመለስ። ከውጭ የሚታየው ነጭ ወይም አረንጓዴ አጥርና አንድ በር ብቻ ነው። በሩን አልፋችሁ ግቢው ውስጥ ስትገቡ ሌላ ዓለም ነው። ጫማ ይወልቃል። ዋናው ክፍል ውስጥ ከፍ ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ። ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ ከፍ ያለው ለታላቅ ሰው ነው። መደቡ ቀይ አፈር ይቀባል። በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ ስፌቱ በደረጃ ተሰቅሏል፤ በየመስኮቱ የእንጨት ገበታውና ሳህኑ ተደርድሯል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካያችሁ፣ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ይሄን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ፎቶ አንስቶ መውጣት ነውር ነው። ቁጭ እንበል፣ ቡና ይፈላ፣ ኩቲም ይቅመስ። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ማለቴ ነው። ለባለቤቶቹ የሚሰጠውም አስቀድሞ በጀት ውስጥ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦

እህቴ፣ ያልሽውን ወድጄዋለሁ። ሆኖም ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ ያልቃል። በመጀመሪያው ረቂቅ አካሄድ ከሄድን ከጀጎል ይልቅ አስፋልቱን ጎብኝተን ነው የምንመጣው። እኔ ሦስት ሌሊት እንደር እላለሁ። ወጪው ይጨምራል፤ ግን እዚያ ድረስ ደክሞ ሳያዩ መመለስ ይበልጥ ውድ ነው።

አቅም ያለው እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ሄዶ ሊጠብቀን ይችላል። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ በሐረማያ አልፎ ይገባል። ባቡሩም ድሬዳዋ ድረስ ነው፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ከዚያ መኪና ይፈልጋል። ማኅበሩ የሚሸፍነው የአውቶቡሱን ብቻ ይሁን። በሌላ መንገድ የሚመጣ ልዩነቱን ከራሱ ይክፈል። ለሁሉም ግን የመንገዱ ሁኔታ ከመነሳታችን በፊት ይጣራ።

ሰብሳቢ፦

ልጆቼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እንደኔ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባላት ናቸው። ድንጋይ ንጣፍ፣ ዳገትና ቁልቁለት እንዳለው አውቃለሁ። «እናንተ ሆቴል ጠብቁን» እንዳትሉን። የማኅበሩ ጉዞ ከሆነ ሁላችንም እንየው።

የሐረር ልጅ፦

ጋሼ፣ ማን ደፍሮ! የሚሆን መንገድ አለ። በመኪና በር፣ ማለትም ሐረር በር በሚባለው ገብቶ ፈረስ መጋላ ድረስ ባጃጅ ያደርሳችኋል። ፈረስ መጋላ ከፍ ያለው ቦታ ነው። ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው በኩል፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው በሚሠሩበት መንገድ፣ ወደ ግድር መጋላ ገበያ ቁልቁል ነው። ቀስ ብሎ እያረፉ ይወረዳል። ታች ባጃጅ ይጠብቃችኋል። ዳገቱን በእግር የሚመለስ አይኖርም።

ግድር መጋላ ሥጋ ተራው ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጭልፊቶቹ ጣራው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። እጃችሁ ላይ ቁራጭ ሥጋ ይዛችሁ ክንዳችሁን ብትዘረጉ ከኋላ መጥቶ ይነጥቃል። ክንፉ ጆሮ ግንዳችሁን ነካ አድርጎ ያልፋል። ልጆቹ ይሄን አይረሱትም።

ሌላው ደግሞ የግንቡ ዙሪያ ነው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በባጃጅ ከበር በር እየቆሙ መዞር ይቻላል፦ ከሐረር በር ተነስቶ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር። ከሸዋ በር ጀምሮ ያሉት በሐረሪ ቋንቋ አስማዲን በሪ፣ አሱም በሪ፣ አርጎ በሪ፣ ሱክታት በሪ፣ በድሪ በሪ ይባላሉ። ጥንታዊዎቹ አምስቱ ናቸው፤ ሐረር በር በኋላ ለመኪና የተከፈተ ነው። ሁላችንም መጀመሪያ ይሄን ብንዞር ከተማዋ ጭንቅላታችን ውስጥ ቅርጽ ትይዛለች። ከዚያ ውስጥ ብንጠፋ እንኳ ወደየት እንደምንወጣ እናውቃለን።

ወጣት አባል፦

እኔ የምለው ደግሞ ቀኑን ነው። ለምን ከሹዋል ዒድ ጋር አናገጥመውም? ከረመዳን ዒድ በኋላ ስድስቱ ቀን ተጹሞ የሚከበረው ማለቴ ነው። በፈረንጆቹ 2023 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ዘፈኑ፣ ጭፈራው፣ ልብሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል።

የሐረር ልጅ፦

ወንድሜ፣ በዓሉን ማየትህን በጣም እፈልጋለሁ። በዚያን ሰሞን ግን ከውጭም ከአገር ውስጥም የሐረሪ ቤተሰብ ሁሉ ይመጣል። ማደሪያ አይገኝም። የቤቱ ሰው እንግዳ ስለሚበዛበት እኛን አስቀምጦ ሊያጫውተን አይችልም። በዓሉን ማየት ሌላ ነው፣ ከተማዋን ማየት ሌላ ነው። ለ34 ሰው ጸጥ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦

በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ግማሻችን ጿሚ ነን። ሐረር ሄዶ ሑልበት ማራቁንና ሳምቡሳውን ሳይቀምሱ መመለስ ይቆጫል። ከፋሲካ በኋላ ይሁን።

ወጣት አባል፦

እሺ፣ አሳምናችሁኛል። ለሚቀጥለው ዓመት ሹዋል ዒድን ብቻ የሚያይ አነስ ያለ ቡድን እንዲደራጅ ግን በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፦

ስለ ቀኑ ተስማምቻለሁ። እኔ ስለሚነገረን ነገር ልጨምር። ልጆች ስላሉ ታሪኩ ቅደም ተከተል ይኑረው። ግንቡ ከአሚር ኑር ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የገዙት። የአሚር ኑር መቃብር ግንቡ ውስጥ ነው፣ ጉልላቱ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር። ከዚያ በፈረንጆቹ ከ1875 እስከ 1885 ግብጾች ይዘዋት እንደነበር ይነገር። ቀጥሎ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የተደረገው ጦርነትና የምኒልክ መግባት ይመጣል። ፈረስ መጋላ ላይ ያለው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቦታው ላይ ቀድሞ ግብጾች የሠሩት መስጊድ ነበር። ይህን ሳንሸሽ ለልጆቹ እንንገራቸው። ሐረር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚኖርባት ከተማ ናት። እዚያ ቆሞ ሁለቱንም ወገን መስማት ከመጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል።

የራምቦ ቤትንም እንየው። ፎቅ ላይ የቆዩ የሐረር ፎቶግራፎች አሉ፤ ከላይ ሆኖ የከተማው ጣራም ይታያል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በፈረንጆቹ 1880 መጨረሻ ሐረር መግባቱና ለዓመታት መመላለሱ እውነት ነው። ያ ቤት ግን የህንድ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ገጣሚው እዚያ ለመኖሩ ማስረጃ የለም። ልጆቹ ይህን ለይተው ይወቁ። ጊዜ ካጠረን ከእሱ ይልቅ ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም እመርጣለሁ። አንድ ሰው በራሱ ጥረት የሰበሰበው የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲምና ልብስ ነው። ሐረር የራሷን ገንዘብ ታትም እንደነበር እዚያ በዓይን ይታያል። ለሙዚየሙ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይሰጠው።

ነርስ አባል፦

ከፍታው 1,885 ሜትር ስለሆነ ሙቀቱ እንደ ድሬዳዋ አይከብድም። ቀትር ላይ ግን ፀሐዩ ይመታል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት፣ ከዚያ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንዙር። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ በእጃችሁ ይሁን። ጫማችሁ የማያንሸራትትና ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። ድንጋዩ በመርገጥ ብዛት ለስልሷል።

የጅቡን ጉዳይም ላንሳ። ልጆቹ ቅርብ ይሁኑ ወይስ ይራቁ?

የሐረር ልጅ፦

የቀትሩ ሐሳብ ልክ ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው ራሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰው በርጫ ላይ ይቀመጣል። ስለ ጅቡ፦ ምሽት ላይ ከግንቡ ውጭ ነው የሚመገቡት። መጋቢው በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ሥጋውን በእንጨት ያቀብላቸዋል። ልጆች ከወላጅ ጋር ተቀምጠው ይዩ። በአፍ አጉርሱ የሚለው ግን ለትልልቆቹ ብቻ፣ ለፈለገ ሰው። ፍላሽ ይጥፋ፣ ጩኸት አይኑር። በነገራችን ላይ ግንቡ ሥር ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ባጃጁ ላይ ሆናችሁ ፈልጉ። ጅቦቹ ማታ በእነሱ ገብተው ቆሻሻውን ይበላሉ። ይሄ ለእኛ ትርኢት አይደለም፣ ጉርብትና ነው።

አባል፣ ከዋሽንግተን፦

ከልጆቼ ጋር ነው የምመጣው። እዚህ ተወልደው ስላደጉ ሁለት ነገር ልለምን። አንደኛ፣ ከተቻለ ግንቡ ውስጥ ባሉት የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማደሪያዎች እንደር። ጠዋት የአዛን ድምፅ ሰምተው፣ ከግቢው ወጥተው ዳቦ ገዝተው ቢመለሱ ደስ ይለኛል። ሁለተኛ፣ ፎቶ ላይ ደንብ ይውጣ። የገበያ ሴቶቹን ሳያስፈቅዱ ማንሳት አይገባም።

ገንዘብ ያዥ፦

እነዚያ ማደሪያዎች ክፍላቸው ጥቂት ነው፤ 34 ሰው አይይዙም። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችና ትልልቆቹ እዚያ ይደሩ። ሌላው ከግንቡ ውጭ ሆቴል ይያዝለት። ፎቶው ላይ በሙሉ ልብ እስማማለሁ።

ጸሐፊ፦

የተባለውን ሰብስቤ የጻፍኩት ረቂቅ ይኸው።

«ማኅበሩ ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያ አመቺ ሳምንት ለሦስት ሌሊት ወደ ሐረር ይጓዛል። ሐሙስ መንገድ ነው። ዓርብ ጠዋት ሁሉም በባጃጅ ግንቡን ዞሮ አምስቱን በሮች ያያል፣ ከዚያ ሙዚየም ይገባል፤ ከጁምዓ ሰላት በፊት ይጠናቀቃል። አመሻሹ ላይ የጅብ ምገባ። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ቡድን፣ ለየቡድኑ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር፣ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የእግር ጉብኝት፤ መጨረሻው በአንድ የሐረሪ ቤት ቡና። እግራቸውን ለሚያማቸው በየመቆሚያው ባጃጅ ይዘጋጃል። ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እሑድ ማለዳ መመለስ።»

የታሪክ መምህር፦

አሚር ኑር መቃብር ቅዳሜ ጠዋት ውስጥ ይግባ። እዚያና መስጊድ አካባቢ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ እንዲይዙ ይጨመር። የት ድረስ መግባት እንደሚፈቀድ አስጎብኚው ይጠየቅ፣ የተባለውም ይከበር።

የሐረር ልጅ፦

ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ይተው። ፕሮግራም አታስገቡበት። ቡና የሚቆላበት ቤት ገብቶ ሽታውን የሚያሸት ያሽት፤ ስፌት የሚገዛ ይግዛ። ስፌት ስትገዙ ከሠሪዎቹ ሴቶች ግዙ፣ ዋጋም አታሳንሱባቸው። አንዱ ስፌት ወራት ይወስዳል።

ገንዘብ ያዥ፦

የአስጎብኚ፣ የባጃጅና የቤቱ ቡና ክፍያ ከማኅበሩ ካዝና ይሁን። የሙዚየም መግቢያ፣ የጅቡና የራስ ግዢ በየራሳችን። የአውቶቡስና የማደሪያ ቅድመ ክፍያ ከመጽደቁ በፊት አልቀበልም።

ሰብሳቢ፦

በነዚህ ማሻሻያዎች ረቂቁን ደግፌአለሁ። ጸሐፊያችን አስተካክላ ለሥራ አስፈጻሚው ታቅርበው። የሐረሯ ልጃችን ሦስት አስጎብኚዎችንና አንድ ቤት እስከሚቀጥለው ስብሰባ አነጋግራ ዋጋውን ታምጣ። ነርሳችን ከትልልቆቹ ጋር ተነጋግራ ባጃጅ የሚያስፈልጋቸውን ትመዝግብ፤ የመጀመሪያው ስም የኔ ነው።