አሸንዳን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ለምን ተከለከለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ያለውን ግቢዬን ከፍሳሽ መስመር ጋር ላገናኝ ነው። የጣሪያውን አሸንዳም እዚያው ማንሆል (ክዳን ያለው የፍሳሽ መስመር ጉድጓድ) ውስጥ ልልቀቀው ስል ክልክል ነው አሉኝ። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። እባክህ አታድርገው! የፍሳሽ መስመር ከሽንት ቤት፣ ከኩሽናና ከሻወር የሚወጣውን ብቻ ነው የሚወስደው። ቱቦው የተለካው ለዚያ ነው። ዝናብ በጎርፍ መውረጃ ይሂድ። ክረምት ላይ የሰፈሩ አሸንዳ ሁሉ ሲገባበት ፍሳሹ የማንሆሉን ክዳን ገፍቶ ይወጣል፣ ታች ያለው ጎረቤት ሽንት ቤት ይገነፍላል። ሐምሌ ላይ አንድ እናት እርጥብ ፍራሽ እየጎተቱ ሲወጡ አይቻለሁ። ያሳዝናል።

ሌላ መልስ፦ ምግብ ቤት ካለህ የቅባት ማጥመጃ ሳጥንም አሠራ። ዘይት ቱቦ ውስጥ ይረጋል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። የድሮው ሴፕቲክ ታንክ (የሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ግን ምን ይሁን?

መልስ፦ አስመጥጠህ በአፈር ድፈነው። ክፍቱን እንዳትተወው፣ ልጆች አሉ።