የከፍተኛ ፍርድ ቤት የታክስ ውሳኔ ለሌላ ግብር ከፋይ ያገለግላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮችን ሒሳብ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። አንድ ደንበኛዬ ለተሽከርካሪ ጥገና ያወጣው ወጪ በኦዲት ውድቅ ተደርጎበት በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ረታ። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ለተሰማራ ሌላ ደንበኛዬ የፍርዱን ግልባጭ አያይዤ ቅሬታ ሳቀርብ ግን፣ የታክስ ጽሕፈት ቤቱ ፍርዱ የሚመለከተው የዚያን መዝገብ ተከራካሪዎች ብቻ ነው በማለት ሳይቀበለኝ ቀረ። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ይታያል?

መልስ 1 (ጠበቃ)

ጽሕፈት ቤቱ የሰጠዎት መልስ ቅር ቢያሰኝም ከሕጉ አይወጣም። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርድ በተከራካሪዎቹ መካከል ይጸናል እንጂ ሌላውን ችሎት አያስገድድም። በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶች ሊከተሉት የሚገባው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (የመጨረሻ ውሳኔ ባገኙ መዝገቦች ላይ የተፈጸመ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት፣ በአጭሩ «ሰበር») ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ሲሆን፣ ይህ አሠራር በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የተደነገገና በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የቀጠለ ነው። በኋለኛው አዋጅ መሠረት ሰበር ቀድሞ የሰጠውን አስገዳጅ ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች መሰየም አለባቸው። ስለዚህ አንድ ሰው «ሰበር ወስኖበታል» ሲልዎት የመዝገብ ቁጥሩንና ትርጉሙ የተሰጠበትን ቀን ይጠይቁት፤ በወሬ የሚጠቀስ የሰበር ውሳኔ በዝቷል።

መልስ 2

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ዋናው ጉዳይ ወደ ሰበር የሚደርሰው ምን ዓይነት መዝገብ ነው የሚለው ይመስለኛል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሲወጣ በታክስ ጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ ላይ የሚቀርብን ይግባኝ ለሚያየው የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አቤት የሚል ግብር ከፋይ አከራካሪ ከሆነው ታክስ 50 በመቶውን፣ ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚሄደው ደግሞ 75 በመቶውን አስቀድሞ እንዲከፍል ደንግጓል። አራት ሚሊዮን ብር የተወሰነበት ነጋዴ የፍርድ ቤቱን ደጅ ለመርገጥ ሦስት ሚሊዮን ብር ማዘጋጀት አለበት ማለት ነው። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ነጋዴ፣ ክርክሩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ኮሚሽኑ ላይ ይቆማል፤ ያነሳው የሕግ ጥያቄም አብሮት ይቀራል። በዚህ የተነሳ የታክስ ሕጋችን ትርጉም የሚቀረጸው በአብዛኛው አቅም ባላቸው ድርጅቶችና በታክስ ባለሥልጣኑ መካከል በሚደረግ ክርክር ነው የሚል እምነት አለኝ።

በተጨማሪም ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚባለው በሕግ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ጥገናው በእርግጥ ተከናውኗል ወይስ አልተከናወነም የሚለው የፍሬ ነገር ጉዳይ ስለሆነ በኮሚሽኑ ያበቃል፤ እንዲህ ያለው ወጪ ገቢ ለማግኘት አስፈላጊ ከሆኑት ወጪዎች ይመደባል ወይ የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ለሁለተኛው ደንበኛዬ ፍርዱን ጨርሶ ልተወው?

መልስ 3 (ጠበቃ)

አይተዉት፤ አጠቃቀሙን ይለውጡ። ኮሚሽኑ ፍርዱን እንዲከተል ሳይሆን በፍርዱ ውስጥ ያለውን ምክንያት እንዲመዝን ይጠይቁ። ክርክሩን በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 22 ላይ ይመሥርቱና ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ድንጋጌውን የተረጎመበትን የፍርዱን ክፍል በአቤቱታው ላይ በአጭሩ ያስፍሩ። የታክስ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ስለሆነም የተሽከርካሪውን ሊብሬ፣ የጋራዡን ደረሰኝና የጉዞ መዝገቡን ከመጀመሪያው ያያይዙ፤ ኮሚሽኑ ጋ ያልቀረበን ማስረጃ ይዞ በሕግ ነጥብ ብቻ ወደሚያከራክር ችሎት መሄድ ዋጋ የለውም። ሰበር በነጥቡ ላይ ትርጉም ሰጥቶ እንደሆነም የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ያገላብጡ። ካገኙ፣ የጽሕፈት ቤቱ ቅሬታ አጣሪም ቢሆን በፍርድ ቤት እንደሚረታ እያወቀ ውሳኔውን ማጽናት ይከብደዋል።